ሃያ ሦስት ደቂቃ

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ወደ ቤቷ ካመጣችው አራት ወር ሆኗታል። ስትሮክ ምላሱንና እጅ እግሩን ወስዶ ዓይኑን ብቻ ተወለት። አንድ ጊዜ ከጨፈነ «አዎ»፣ ሁለት ጊዜ ከጨፈነ «አይ» ማለቱ ነው። ከዚህ ያለፈ ቃል የለውም።

የወንድሟ የድሮ ጓደኛ ቀጥቃጩ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። ሠላሳ ዓመት በቆርቆሮ ፋብሪካ ስለ ሠራ ነው ይህ ስም የወጣለት፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ሥራው ድራም መደብደብ ነበር። በጎረምሳነታቸው ወንድሟ ኦርጋን፣ እሱ ድራም የሚጫወቱበት ባንድ ነበራቸው። የፈረሰው በጠብ ነው። በሴት ቢጣሉ ወግ ነበር፤ እነሱ የተጣሉት በአካል አይተዋቸው በማያውቋቸው ሁለት የሮክ ባንዶች ነው።

ሁለቱም ባንዶች አንዱን ዘፈን ሙሉ የሸክላ ገጽ ላይ የሚዘረጉ ነበሩ። «የመስታወት ወንዝ» ሦስት ሸክላ አውጥቶ፣ ስሙ ገና ሲገንን ተበተነ። «ዘጠነኛው ፎቅ» ግን አርባ ዓመት ቀጠለ፤ ዛሬ በስሙ የሚጫወቱት ልጆች ባንዱ ሲመሠረት አልተወለዱም። ወንድሟ በሰዓቱ ያቆመ ይበልጣል ባይ ነው። ቀጥቃጩ ደግሞ የቀጠለ ይበልጣል ይላል። በዚህ የተነሳ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈዋል። ሁለቱም ሲሸብቱ ታረቁ፤ ከክርክሩ ግን ወይ ፍንክች።

ቀጥቃጩ የመጀመሪያ ቀን የሸክላ ማጫወቻውን ተሸክሞ ሲገባ የመርፌውን ክንድ ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው። ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን አየ፤ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በጣቱ አሽከረከረ።

«ምንም አልሆነም!» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ሰማው። ቀስ ብሎ መናገር አያውቅበትም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከአልጋው ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

«አንድ ቀን ያንተን፣ አንድ ቀን የኔን እንሰማለን» ይለዋል ወንድሟን። «ዝም አይነቅዝም ብለህ እንዳታመልጠኝ፣ አንተ ግትር! ፍርድህን ከፊትህ አነበዋለሁ። ነገር በዓይን ይገባል።»

መርፌውን ያሳርፋል፣ የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። «አሁን ኦርጋኑ ሊወርድ ነው... ይኸው፣ ደረጃ በደረጃ!» ልክ ሃያ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ሰዓቱን አይቶ መርፌውን ያነሳል።

ልብስ ሰፊዋ ከጎን ካለው ክፍል ጨርቅ እየገጣጠመች ታዳምጣለች። የሚወርድ ነገር ሰምታ አታውቅም። ለሷ ሁለቱም ባንዶች አንድ ናቸው፤ ጥቂት ይሄዱና እንደ ስፌት መኪናዋ አንዱን ነገር ሲመቱ ይውላሉ። ለዚህ ነው እንዴ ሁለት ሽማግሌ አርባ ዓመት የሚናከሰው ብላ ትገረማለች። ጆሮዬ አልተማረ ይሆናል ብላ ተወችው።

ያልተወችው የወንድሟን ፊት ነው። ሙዚቃው አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ግንባሩ በላብ ይጠመቃል። ዓይኑ ማጫወቻው ላይ ይተከላል። ከዚያ እንባው ይወርዳል።

«አየሽ፣ ነክቶታል!» ይላታል ቀጥቃጩ ደስ ብሎት።

አንድ ቀን እንግዳው ከሄደ በኋላ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«ወንድምዬ፣ ሙዚቃውን ጠላኸው?»

ሁለት ጊዜ ጨፈነ።

«ሰውየውን ጠላኸው?»

ሁለት ጊዜ።

«ይዘጋልኝ ነው የምትለው?»

አንድ ጊዜ፤ ጥብቅ አድርጎ።

«ታዲያ ምንድን ነው? ምኑ ነው?»

ለዚህ አዎም አይም መልስ አይሆንም። ዓይኑን ወደ ማጫወቻው መለሰ። እሷም የምትጠይቀው ጠፍቷት አለቀሰች።

ሐሙስ ነርሷ መጣች። ግፊቱን ለካችና መዝገቧን ገለጠች።

«ከሰዓት በኋላ በለካሁት ቁጥር ጨምሮ ነው የማገኘው» አለች። «የሚያስጨንቀው ነገር አለ። በዚህ ሳምንት ካልወረደ ሆስፒታል መግባቱ ነው። በዚህ ዓይነት የገባ ሰው ደግሞ...» አልጨረሰችውም።

ልብስ ሰፊዋ ያን ዕለት መርፌ አልያዘችም፤ የያዘችው ነገሩን መገጣጠም ነበር። ሰውየው ከወጥ ቤት ሆና ሰላም ስትለው መልሶላት አያውቅም። ሻይ ላምጣ ብትለው ጀርባውን እንደ ሰጣት ይቀራል። ሙዚቃው ይዘጋ ብትለውም ያው ነው። ንቀት ነው። የቆየ ቂም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያኮረፈ ሰው፣ ወንድሟ አልጋ ላይ ቀርቶ አፍ ሲያጣ፣ ቀን ጠብቆ ሊበቀለው መጥቷል። ወንድሟ ደግሞ ልቡ ደግ ስለሆነ አልጠላሁትም ይላል።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የ«ዘጠነኛው ፎቅ» ተራ ነበር። ሙዚቃው ጥቂት ሄደና ያንኑ ቁራጭ ደጋግሞ መምታት ጀመረ። የወንድሟ እንባ ወረደ። መቀሷን እንደ ያዘች ገብታ ከቀጥቃጩ ጀርባ ቆመች።

«ከነገ ጀምሮ አይምጡብን» አለች።

ቀጥቃጩ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል።

«እባክዎ፣ ሊሞትብኝ ነው! ከሱ ሌላ ማን አለኝ?»

ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጭራሽ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ፣ ዝም በይ እንደሚል ሰው።

ደሟ ፈላ። ጎንበስ ብላ የማጫወቻውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

ክፍሉ ጭር አለ። የወንድሟ ግንባር ተፈታ፤ በረጅሙ ተነፈሰ። እሷ መቀሷን ጨብጣ የሰውየውን ቁጣ ጠበቀች።

ቀጥቃጩ ዓይኑን ሳይገልጥ በሁለት እጁ ጉልበቱን መደብደብ ጀመረ። ፊቱ በራ።

«ስማ! ስማ እንግዲህ!» አለ። «ድራሙ ገባ!»