የቀዘቀዘ ሾርባ

«ጌታ ሆይ ባርክልን፤ አሜን» አለችና ሴት ልጁ ማንኪያዋን አነሳች።

በያጁ ገና ዓይኑን መጨፈኑ ነበር። መልሶ ገለጠው። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ እህል የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም፤ ውሃና መድኃኒት ብቻ። ልጁ ነገ ማለዳ ወደምትሠራበት ከተማ መመለስ አለባት፤ ሻንጣዋ በሩ ሥር ተቀምጧል። እሱ ምሳውን ካልበላ ግን ንቅንቅ እንደማትል ምላ ተገዝታለች። «ወይ ብላና ልሂድ፣ ወይ አትብላና ከሥራ ልባረር» ብላዋለች። በግትርነቷ የእናቷ ልጅ ናት።

«በሞቴ፣ አባዬ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ። አፈር ስሆን።»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። እሱም ቀና ብሎ አያት። ሰሞኑን ያዩት አፈር ለሁለቱም በቂ ነበር።

«እንዲህ አይባልም» አለ ቀስ ብሎ፤ ማንኪያውንም አነሳ። ለእሷ ሲል እንጂ ለሆዱስ አልነበረም።

ሾርባው ምላሱን ለበለበው።

ጉድ እኮ ነው! ዕድሜ ልኩን ከእሳት ጋር የተናነቀ ሰው፣ ክንዱ በብየዳ ፍንጣሪ የተዥጎረጎረ፣ የጋለ ብረት ሲነካው እንኳ «ኧረ ደህና ነኝ» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ በአንድ ማንኪያ ሾርባ ዓይኑ እንባ ሞላ። ማንኪያውን መልሶ አኖረው።

«ምነው? ጨው በዛበት?»

«ትኩስ ነው።»

«ሾርባ ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል?»

ምን ብሎ ይንገራት? በዚህ ጠረጴዛ ላይ ትኩስ ሾርባ ቀምሶ አያውቅም። ሚስቱ ጸሎት ከጀመረች ማብቂያ አልነበራትም። ደግሞ የምትጀምረው ሳህኑ ከቀረበ በኋላ ነው። እግሯን ከሚያማት ጎረቤት ትነሳለች፣ በሰካራሙ ተከራይ ታልፋለች፣ መንገድ ላይ ያለውን ሾፌር፣ አልጋ ላይ ያለውን በሽተኛ፣ ጠያቂ የሌለውን እስረኛ ሁሉ ታዳርሳለች። እሱ አንድ ዓይኑን ገልጦ እንፋሎቱ እየሳሳ ሲሄድ ያያል። «አንቺ ሴትዮ፣ እግዚአብሔር እኮ ሰምቶሻል፤ ሾርባው ግን ቀዘቀዘ» ይላታል። እሷ በጠረጴዛው ሥር በጉልበቷ ጉሸም ታደርገውና ትቀጥላለች። የእሱ ድርሻ መጨረሻ ላይ «አሜን» ማለት ብቻ ነበር። ያቺንም ቃል አንዳንዴ ዳቦ ጎርሶ ነው የሚላት።

ሚስቱ ስትታመም ግን እሱም ለመነ። በራሱ አፍ፣ በሥራው ቦታ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «እሷን ተውልኝ» አለ። አልተወለትም። ከዚያ ወዲህ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፈዋል። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ «አሜን» ሲል እሱ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ።

«ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላኸው አንሶ ከእኔ ሾርባም ጋር ተጣላህ?» አለች ልጁ። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠባት።

የሚስቱን ባዶ ወንበር አየ። ከዚያ ሁለት እጆቹን በሳህኑ ግራና ቀኝ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲህ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «አልታረቅንም። ይህን እወቅልኝ። ግን የእሷ ሰዎች አሉ። አሁን እነሱን ማን ያነሳልሃል ብዬ ነው።»

ልጁ ማንኪያዋን ድምፅ እንዳታሰማ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«ጎረቤታችን ዛሬም እግሯን እንዳመማት ነው፤ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። እያት። ተከራዩም ትናንት ጠጥቶ ነው የገባው። ቢሆንም የሚስቴን የሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ አትርሳበት። ነገ ይችን ልጅ የሚወስዳትን ሾፌር እንቅልፍ እንዳይጥለው። የታመሙትንም…» እዚህ ላይ ቂሙ ተነሳበት። «የታመሙትን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ለራሱም ገረመው። ስንት ዘመን እንፋሎት ሲጠብቅ የኖረ መስሎት ነበር፤ ለካስ ጸሎቷ አንድ ቃል ሳይቀር ልቡ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። እስረኞቹን አነሳ። ከዚያ ሚስቱ ሁልጊዜ የምትጨርስበት ቦታ ላይ ደረሰ።

«የዚህን ሰውዬ…» አለና ድምፁ ተቆረጠ።

ስለ ራሱ እንዴት ብሎ ይበለው? ይህን የምትልለት እሷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ የለችም። ናፈቀችው። እንባው በጉንጩ ላይ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ።

ልጁ ይህን ጸሎት ከሕፃንነቷ ጀምራ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስትሰማው ያደገችው ነው። ዓይኗን ሳትገልጥ በእናቷ ቃል ጨረሰችለት።

«…ዓይኑን ጠብቅልኝ፤ መነጽርህን አድርግ ሲሉት አይሰማምና።»

በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷ ጉልበቱን ጎሸም አደረገው።

«አሜን» አለ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ እንፋሎቱ አልቋል፤ ሾርባው ላይ ስስ ቅባት ረግቷል። ልጁ ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«አምጣው፣ ላሙቅልህ።»

«ተይው» አለና ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ ቀዝቃዛውን ሾርባ፣ እንባውን ሳይጠርግ፣ በማንኪያ በማንኪያ እስከ መጨረሻው ጠጣው።