ጃንጥላ ስትል

ቁምሳጥኑ ይንቀጠቀጣል። ከውስጥ የዳይሬክተሩ የገዛ ልጅ በሩን በቡጢ እየደበደበች፣ «ክፈቱልኝ! በእናታችሁ ክፈቱልኝ!» ትላለች። ማንም ንቅንቅ አይልም። በዚህ ሰውዬ የአስፈሪ ፊልም ቀረጻ ላይ «ክፈቱልኝ» ብሎ የሚጮህ ሰው ሥራውን እየሠራ ነው።

ለዚህ ነው ለየፊልሙ አንድ ቃል የሚመድበው። ተዋናይ የእውነት ሲጨንቀው ያቺን ቃል ይላል፣ ካሜራው ይቆማል። የዘንድሮዋ «ጃንጥላ» ናት። ልጁ ናት እየሳቀች የመረጠቻት።

ዳይሬክተሩ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይጫናል። ሲኒማ ቤት ሲገባ ፊልሙን አያይም፤ የሚያየው የሰዉን ፊት ነው። ባለፈው ፊልሙ ግን ሰዉ መጮህ በሚገባው ቦታ ሆዱን ይዞ ሳቀበት። ስንቱን እንቅልፍ ሲነሳ የኖረ ሰው መሳቂያ ሆነ! ይሄኛውም ካልሰመረ ሌላ እንደማይኖር ፕሮዲዩሰሩ ጠዋት ቁርጡን ነግሮታል፤ አሁንም ከኋላው ቆሞ ማጅራቱ ላይ ይተነፍሳል።

በበሩ ስንጥቅ የልጁ አንድ ዓይን ሞኒተሩ ላይ ይታያል። ፈጧል፣ እንባ አቅሯል። ዕድሜ ልኩን ሲያሳድደው የኖረው ፍርሃት ይኸው መጣለት።

«አገኘኸው!» ይላል ፕሮዲዩሰሩ በሹክሹክታ።

ድብደባው ድንገት ይቆማል።

«ጃንጥላ» ትላለች ልጁ፣ ቀስ ብላ።

ይህን የሰሙት ማዳመጫ ያጠለቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሱና ድምፅ ቀራጩ። ድምፅ ቀራጩ ደንግጦ ቀና ይላል። ዳይሬክተሩ ዓይኑን ከሞኒተሩ ሳይነቅል እጁን ያነሳበታል፤ ቆይ። ትንሽ ብቻ። እንዲህ ያለ ዓይን ዳግመኛ አይገኝም።

«ጃንጥላ… አባዬ፣ ጃንጥላ።»

«በቃ! ክፈቱ!» ይላል ዳይሬክተሩ በመጨረሻ።

በላብ ተጠምቃ ትወጣለች። የበሩ የውስጥ መያዣ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀርቷል። ፕሮዲዩሰሩ ያጨበጭባል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል።

«አልሰማኸኝም እንዴ?» ትላለች አባቷን።

«እንደሰማሁ ነው ያስቆምኩት፣ የኔ ልጅ። በጩኸቱ መሀል ቃሏ አልለይ ብላኝ እኮ ነው።»

ከዚያ ወደ ድምፅ ቀራጩ ዞራ፣ «ጋሼ፣ እስቲ የተቀረጸውን አሰሙኝ» ትላለች።

ድምፅ ቀራጩ ዳይሬክተሩን ያያል። ዳይሬክተሩ ግን አሁን እጁን አያነሳበትም።

ልጁ መያዣውን መሬት ላይ አስቀምጣ ማዳመጫውን ታጠልቃለች። ዳይሬክተሩ እንደልማዱ ፊቷን ያያል።