ከአልጋው እስከ በሩ

ጋሽ ሽብሩ አናጢ ያስመጡት ለሚስታቸው ሲሉ ነው። እትዬ አምሳለ ከታመሙ ወዲህ ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኝታ ቤቱ አሮጌ ወለል እንዲስተካከልላቸው።

"መራመድ አምሯት ነው፤ እየተሻላት ነው መሰለኝ" አሉት ለአናጢው፣ ፊታቸው በርቶ። ከዚያ ወደ ገበያ ወጡ።

አናጢው ያረጀውን የላስቲክ ምንጣፍ ገፈፈ። የበሰበሱትን ጣውላዎች ነቅሎ ቀየረ፤ ብቅ ብቅ ያሉትን ምስማሮች በመዶሻ መታ፤ ከፍ ያለውን ላገ። እትዬ አምሳለ ሳሎን በተዘረጋላቸው ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው በተከፈተው በር ይመለከቱት ነበር።

"ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን አደራህን፣ ልጄ።"

"አይስጉ እማማ፣ ያለ ምርኩዝ ይሄዱበታል።"

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ።

"እናቴ የሞተችው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አስከሬኗን ሲያወጡ አንዱን ተሸካሚ ጣውላው አደናቀፈውና ከነሳጥኑ ወደቀ። የእኔን ደግሞ ሽብሩ ካልተሸከምኩ ማለቱ አይቀርም፤ አውቀዋለሁ። ጉልበቱን ያመዋል።"

አናጢው ጎንበስ ብሎ ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን ጣውላ እንደገና በመዳፉ ዳሰሰ።

"እሱ እንዳይሰማ" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጋሽ ሽብሩ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ከፌስታል ውስጥ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ቀይ አዲስ ጫማ አውጥተው ከሚስታቸው እግር አጠገብ አስቀመጡ።

"ልክሽ ይሆን?"

"ልኬ ነው" አሉ እትዬ አምሳለ፣ ሳይለኩት።