ድምፁ ዘግይቷል

ሩት ላፕቶፑን ከመስታወት መደርደሪያው ላይ ታነሣዋለች። ክዳኑን በአንድ ጣት ወደ ኋላ ስትገፋው ማጠፊያው ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስክሪኑን ከፊት ታያለች፤ ከዚያ ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ትላለች። ከጎን ሲታይ ነጩ ቀለም ወደ ቢጫ ይሄድ እንደሆነ ማጣራት ትፈልጋለች። ቬሎዋ ቢጫ ሆኖ የወጣባት ሙሽራ ቪዲዮውን አትቀበልም።

የሱቁ ባለቤት ጁነይድ ስለ ስፒከሮቹ ያወራል። አራት ናቸው፣ ሌላ ማጉያ ሳያስፈልግ ሳሎን ይሞላሉ ይላል። ከሩት ጎን የቆመው ወንድሟ ዳዊት እስኪጨርስ ይጠብቅና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግረዋል፤ አትሰማም። አምና ማጅራት ገትር ይዟት ነበር። እሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን በዚያው ቀረ።

“ወላሂ አላወቅሁም” ይላል ጁነይድ። ስለ ስፒከሮቹ ማውራቱንም ይተዋል።

ሩትና ዳዊት እዚሁ ወልድያ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራሉ። ዳዊት ይቀርፃል፣ ሩት ኤዲት ታደርጋለች። ከመርሳ እስከ ሐራ ስንት ሰው ሲዳር ቪዲዮው በእጇ አልፏል። ከታመመች ወዲህ ዳዊት የቀረፀውን የሚልከው ደሴ ላለ ሌላ ኤዲተር ነው። ይህን ሩት ታውቃለች፤ እስኪሻላት ድረስ መስሏታል። ዳዊት ግን ከሰውየው ጋር ለዓመቱ ሙሉ ተስማምቷል። ዛሬ ላፕቶፕ ሊገዛላት የመጣው ቤት ውስጥ እጇን አጣጥፋ ስትውል ማየት ከብዶት ነው። ፎቶ ትነካካበታለች ብሎ አስቧል።

“ቀላል ነው። ያምራልም” ትላለች። ልኩን ስለማታውቀው ድምጿ ከፍ ይላል። ላፕቶፑ ቀጭን፣ ብርማ ነው፤ ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ። “አሁን ደግሞ ሥራውን እንየው።”

ከቦርሳዋ ፍላሽ ታወጣለች። ዳዊት ይዛ መምጣቷን አላወቀም። ፍላሹ ላይ ያለው እሱ ራሱ ሐራ ላይ የቀረፀው ሠርግ ነው።

የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ተጭኗል። ሩት ዱካው ላይ ተቀምጣ ትጀምራለች። ድምፁ ስክሪኑ ላይ እንደ ሞገድ ተዘርግቷል፤ ከበሮው በተመታ ቁጥር ሞገዱ ይሾላል። ሹሉን እያየች ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። የሚዜዎቹ ትከሻ፣ የዘፋኟ ፊት፣ የከበሮ መቺዋ እጅ። ከዚያ ከመጀመሪያው ታስጀምረውና ፊቷን ወደ ዳዊት ታዞራለች።

የዘፋኟ አፍ ይከፈታል፤ ድምጿ ቆየት ብሎ ይመጣል። ከበሮው የሚሰማው መቺዋ እጇን ካነሣች በኋላ ነው። ሩት የቆረጠችው ልክ ነው፤ ላፕቶፑ አቅም አንሶት ሥዕሉንና ድምፁን አብሮ ማስኬድ አቅቶታል። ጁነይድም ሰምቷል። ዓይኑን ወደ መንገዱ፣ ወደሚያልፉት ባጃጆች ያደርጋል።

ዳዊት ስልኩ ላይ ይጽፍላታል፦ “በጣም ጥሩ ነው። እንውሰደው።”

አንብባ ስልኩን አትመልስለትም። “ከበሮው ከእጇ እኩል ይሄዳል?”

አዎ በሚል ራሱን ይነቀንቃል።

ሩት ፊቱን ታየዋለች። “ዳዊት፣ ይህን የምትገዛልኝ እንድሠራበት ነው ወይስ እንድጽናናበት?”

ከታመመች ጀምሮ የሚከፋ ነገር ጽፎላት አያውቅም። ስልኩን ይቀበላታል፤ የጻፈውን ያጠፋል። “ድምፁ ዘግይቷል” ብሎ ይጽፋል። ትንሽ ቆይቶ ይጨምርበታል፦ “ከደሴው ኤዲተር ጋር ለዓመቱ ተስማምቻለሁ። ልነግርሽ አልቻልኩም።”

ታነባለች፤ እንደገና ታነባለች። የላፕቶፑን ክዳን ትዘጋለች፤ ዳዊት ተነሥታ የምትሄድ ይመስለዋል።

“የጥር ወርን ሠርግ እሱ ይጨርስ” ትላለች። “የፋሲካውን እኔ እሠራለሁ። አንተ የሰማኸውን ብቻ ንገረኝ።”

ዳዊት ለደሴው ሰው ምን እንደሚለው አያውቅም። ቢሆንም እሺ ይላል፤ ከንፈሩን እንድታነብ ቀስ ብሎ።

ሩት ወደ ጁነይድ ትዞራለች፤ አቅም ያለው ሌላ እንዳለው ትጠይቀዋለች። ጁነይድ ከባንኮኒው ሥር አንድ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጥጉ የተፋቀ ያገለገለ ላፕቶፕ ያወጣል። መልክ የለውም እንጂ ራሙ ብዙ ነው ብሎ ለዳዊት ይነግረዋል። ከዚያ ትዝ ይለውና ወደ እሷ ዞሮ ያንኑ ይደግመዋል።

በሁለት እጇ መዝና ፊቷን ታጨማድዳለች። ከጎን ስታየው ግን ነጩ ነጭ ነው። ፍላሹን ከብርማው ነቅላ ትሰካበታለች፣ ቆርጣ ፍላሹ ላይ ያስቀመጠችውን ትከፍታለች። ከላፕቶፑ ጎን ሞቃት አየር ወጥቶ አንጓዋን ይነካታል። የዳዊትን እጅ ይዛ ባንኮኒው ላይ፣ ከስክሪኑ አጠገብ ታስቀምጠዋለች።

“ከበሮውን ስትሰማ ምታ።”

ዳዊት በአንድ ጣት ይመታል። የሩት ዓይን ከጣቱ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ ጣቱ ይመላለሳል። ጣቱ ሲወርድ የከበሮ መቺዋ እጅም አብሮ ይወርዳል።

“ይሄን እንወስዳለን” ትላለች። ጁነይድ ቻርጀሩን ሊጠቀልል ይነሣል፤ እሷ ግን ቪዲዮውን ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለች። ዳዊት ሳትነግረው መምታቱን ይቀጥላል። ዘፈኑ ሲያልቅ ጣቱ ባንኮኒው ላይ ያርፋል። ሩት ጣቱን አይታ ቪዲዮውን ታቆማለች።