ለነቀርሳ የተሰጠ ስም

ዶክተር ትርንጎ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳቀረቀረች «ወይ ጣጣዬ!» አለች። የአቶ ደምመላሽ የሽንት ፊኛ ነቀርሳ እስከ ዛሬ ካየቻቸው አንዱንም አይመስልም። ሴሎቹ ሳይያያዙ ተበታትነው፣ አስኳላቸውን ወደ ጥግ ገፍተው ቁጭ ብለዋል።

ሕጉ እንደሆነ አይለመንም፦ አዲስ ዓይነት ነቀርሳ ያገኘ ሐኪም በራሱ ወይም ከቤተሰቡ በአንዱ ስም ይሰይመዋል። ስም ለሌለው ነቀርሳ መድኃኒት አይታዘዝም፤ አንዴ የተሰጠ ስም ደግሞ ለሰው አይመለስም።

የባሏ ስም አምና ሄዷል። የሁለቱ ወንዶች ልጆቿም እንደዚሁ። አሁን ቤት ገብታ «አንተ!» ስትል ሦስቱም በአንድ አፍ «አቤት!» ይላሉ። የቀረው የራሷ ስም ብቻ ነበር።

ብዕሯን ይዛ ጥቂት አመነታች። ከዚያ «ሰውየው አይሙትብኝ እንጂ» ብላ ጻፈችው።

አቶ ደምመላሽ ውጤታቸውን ሲቀበሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«መድኃኒት አለው አሉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ! በጸሎቴ እንዳስብዎ ስምዎን ይንገሩኝ።»

ሐኪሟ በእጃቸው ወደያዙት ወረቀት ጠቆመች። «የፊኛ ነቀርሳ፣ ዓይነቱ ትርንጎ» ይላል።

ሽማግሌው ወረቀቱንም እሷንም አዩ።

«ታዲያ» አሉ ግራ ተጋብተው፣ «ትርንጎን አጥፋልኝ ልበል ወይስ ትርንጎን ጠብቅልኝ?»