ከገመዱ ውጪ ያለው ክብ

«ጥላሽን አንሺልኝ!» አለች አርኪዮሎጂስቷ።

ኡቪሉክ ወደ ግራ ዘወር ብላ ካሜራዋን ጉድጓዱ ላይ ደገነች። ነፋሱ እጇን ያንቀጠቅጠዋል። ዋልረስ ከሚባለው የሰሜን ዋልታ የባሕር እንስሳ ጥርስ የተሠራችው ማበጠሪያ ከአፈሩ ከመውጣቷ በፊት ፎቶ መነሳት አለባት፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱም ደብዝዘውባታል።

ከባሕሩ ዳር አጎቷ ቱማሲ ይጮኻል። «ውሃው እየሸሸ ነው! ጀልባዋ አሸዋ ላይ ከቀረች እዚሁ ማደራችሁ ነው!»

ይሄኔ ነው አሮጊቷ ቃውናክ በገመድ የታጠረውን ቁፋሮ ዞር ብላም ሳታየው አልፋ የሄደችው። የልጅነት ሰፈሯን ለቁፋሮ ለመጡት ተማሪዎች እንድታሳይ ነበር ከመንደር ያመጧት።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ!» ብላ ኡቪሉክን ተጣራች።

«ሂጂ እንጂ፣ ልጅሽ እየጠራችሽ ነው» አለ አንዱ ተማሪ። ሌሎቹ ሳቁ።

ኡቪሉክ አፈረች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ የቃውናክን ሟች እናት ስም ስለወረሰች ግን አሮጊቷ «እማዬ» ነው የምትላት፤ በሕዝባቸው ልማድ የሟችን ስም የወረሰ እንደ ሟቹ ይቆጠራል። ኡቪሉክ መመለስ ያለባት «ልጄ» ብላ ነው። አንድም ቀን ከአፏ ወጥቶላት አያውቅም።

ኡቪሉክ ስትደርስ ቃውናክ የቆመችው ማንም ምልክት ያላደረገበት፣ ሣር የዋጠው የድንጋይ ክብ ውስጥ ነበር። «እዚያ የሚቆፍሩት የጥንቶቹን ቤት ነው። የእኛ ድንኳን ግን እዚህ ነበር፤ ድንጋዮቹ ዳሩን ይይዙት ነበር።» ምርኩዟን ጣለችና ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ተኛች። «እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚያ፣ መብራቱ ጋ። መርከብ ወደ መንደሩ ሊወስደን የመጣ ቀን እንደተኛሁ ተሸክመሽ አወጣሽኝ። ቤቴን ዞሬ እንኳ አላየሁት።»

«ኡቪሉክ፣ ማበጠሪያዋስ!» አለች አርኪዮሎጂስቷ።

«ትቻችሁ ልሂድ?» አለ ቱማሲ።

ኡቪሉክ የምትይዝ የምትጨብጠውን አጣች። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ተነሺ፣ እባክሽ።»

ቃውናክ ንቅንቅ አላለችም።

ኡቪሉክ ተንበረከከች። «ልጄ» አለች በቀስታ። «ልጄ፣ ተነሺ። እንሂድ።»

ቃውናክ ዓይኗን ገልጣ ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ሁለት እጇን ዘረጋችላት። ኡቪሉክ ብብቷን ደግፋ አነሳቻት። እንዲህ ቀላል ትሆናለች ብላ አላሰበችም። አሮጊቷ ምርኩዟን አንስታ ክቡን አንድ ጊዜ ዞራ አየችውና ወደ ጀልባው ወረደች።

ሣሩ ላይ ቅርጿ ቀርቷል፤ ትከሻዋ፣ ዳሌዋ፣ የታጠፈው ጉልበቷ። ከዳር በኩል ያለው ሣር ቀና ቀና ማለት ጀምሯል። ኡቪሉክ ከዕቃ አጠገብ የሚቀመጠውን የፎቶ መለኪያ እንኳ ሳታስቀምጥ፣ እየተጣደፈች ቅርጹን ፎቶ አነሳችው። ደግማ አነሳችው። ሣሩ እየተነሳ ነው።