የራስጌው ድንጋይ

ተመራማሪዋ ዛጎል የሞላበትን ድንጋይ ለያዮ አቀበለችው። "ይህ በረሃ ድሮ ባሕር እንደነበረ ምስክሩ ይኸው! ትናንት የአጎትህ ልጅ ዳቶ ነው ያመጣልን" አለችው በደስታ።

ያዮ ገልበጥ ሲያደርገው ከሥሩ በጩቤ የተጫረውን የግመሎቻቸውን ምልክት አየ። ከዳቶ ጋር አምጥተው በአባቱ መቃብር ራስጌ ያቆሙት ድንጋይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ዳቶ እጁን ይዞ የአገሩን ወሬ፣ ዳጉውን፣ አንድ በአንድ ነግሮት ነበር፤ የት እንደዘነበ፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ። አፋር ደግሞ በዳጉ አይዋሽም፤ አይደብቅም።

ዳቶ ከተመራማሪዋ ድንኳን ጀርባ ብቅ አለ። ያዮ ድንጋዩን በብብቱ ይዞ እጁን ዘረጋለት።

"ዳጉ ምን አለ?"

"አንተ ደግሞ! ጠዋት ዘርግፌልህ የለም እንዴ?" አለ ዳቶ እየሳቀ።

ያዮ እጁን አልለቀቀውም።

"የአባቴን ወሬ ዘለልከው።"